የተጻፈ ስም፦ ከባሕር ዳር ወደ ዝጌና ደቅ የተጓዝንበት ማስታወሻ

ዓርብ፣ የካቲት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ ባሕር ዳር

ጠዋቱ በክኒን ቆጠራ አለቀ። ሽምብጥ፣ አንዲት ጓደኛችን ቤት፣ ሳሎኑ ላይ ሰሌን ዘርግተን የብልሃርዚያውን ክኒን ፕራዚኳንቴሉን ለብቻ፣ የትራኮማውን ዚትሮማክሱን ለብቻ፣ የዓይን ቅባቱን፣ ጓንቱን፣ ጋውዙንና የወባ መመርመሪያውን በየካርቶኑ አደረግን። ፋርማሲስቷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስምንት ነን፤ አንድ ሐኪም፣ የዓይን ሽፋን ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ አንድ ነርስ፣ ፋርማሲስቷ፣ አንዲት አዋላጅ፣ ሦስት መምህራንና እኔ። እኔም ነርስ ነኝ። ሁላችንም ከዓመት ፈቃዳችን ቀንሰን ነው የምንሄደው፤ የጀልባው ነዳጅም ከየደሞዛችን የተዋጣ ነው።

መድኃኒት በገዛ ፈቃዳችን አንሰጥም። ከጤና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዘናል፤ የምንሰጠው ሁሉ በየጤና ኬላው መዝገብ ይሰፍራል። ብዙ በጎ ፈቃደኛ ይህን እንደ ቢሮ ጣጣ ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ያልተመዘገበ ክኒን ነገ ሌላ ቡድን መጥቶ ይደግመዋል፤ የቀረው ልጅም ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከሰዓት ደብተርና እስክሪብቶ ልንገዛ ገበያ ወጣን። ዓምና ቲሸርት ያሳተምንበት ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ቲሸርት የለም፤ በምትኩ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን 60 ገዛን። ባለሱቁ «ውኃ ልትነግዱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ለምን እንደሆነ ስንነግረው በእያንዳንዱ ላይ ዋጋ ቀነሰልን፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ማታ የዓምናውን ደብተሬን ገለጥኩ። ደቅ ደሴት ላይ የጻፍኩት የአሥራ አንድ ሰው ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዳለ አለ። ሁሉም በትራኮማ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው ናቸው። «በግንቦት ተመልሰን እንሠራላችኋለን» ብለን ነበር። ግንቦት ገንዘቡ አልሞላም፣ ሰኔ ክረምቱ ገባ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተበተነ። ስም ጽፎ መሄድ ለጻፊው ቀላል ነው፤ የተጻፈበት ሰው ግን በር በሩን እያየ ይቀመጣል። ስም ዕዳ ነው። በዚህ ጉዞ ሌላው ሁሉ ቢቀር እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች ማግኘት አለብኝ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፤ ዝጌ

ከጠዋቱ 12፡30 ከወደቡ ተነሣን። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለጥ ብሏል። እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ወደ ከተማው ሲቀዝፍ ተላለፍን። ታንኳው ከጭነቱ የተነሣ ከውኃው እኩል ሆኗል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰውየው ውኃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ክብራን ገብርኤልን አለፍን። ለሴት ስለማይፈቀድ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ከውኃ ላይ ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ተሳልሜ ነው የማልፈው።

ዝጌ ላይ በሬ አይጠመድም። የአገሬው ሰው እንደሚተርከው ቡናውም ጌሾውም ሎሚውም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው። ማረስ ስለማይፈቀድ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። በዚያው ልክ ጤፉም በቆሎውም የሚመጣው ከገበያ ነው። አፋፍ ላይ ቡና ሲያሰጡ ያገኘኋቸው እናት እጃቸውን ከቡናው ሳያነሡ፣ «ቡና ዋጋ ሲያጣ ቀድሞ የሚቀረው የልጅ ደብተር ነው፤ እህልማ እንዴት ይቀራል ልጄ» አሉኝ። ደብተር የምንሸከመው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ከዋርካው ሥር የቁመት መለኪያውን አቆምን። የብልሃርዚያ መድኃኒት መጠኑ በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም። በየገጠሩ ሚዛን እየተሸከሙ መዞር ስለማይቻል በቁመት ይተመናል። ልጁ ከመለኪያው ሥር ይቆማል፤ ከ94 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዚህ አይሰጠውም፤ ከ125 እስከ 138 ከሆነ ሁለት ፍሬ ይውጣል፤ እያለ ይጨምራል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በጣቶቹ ቆሞ አንገቱን መዘዘ። «ተረከዝህን አውርድ» ብለው ያወርዳል፤ ዓይኔን ዞር ሳደርግ እንደገና ይነሣል። ታላቅ ወንድሙ ሁለት ፍሬ ወስዶ እሱ አንድ ተኩል እንዳይደርሰው ነው ለካ። ክኒኑ መራራ መሆኑን ሲቀምስ ፊቱን አጨፍግጎ ወንድሙን አየው፤ አልተፋውም ግን።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ክኒኗን ይዛ ሳትውጥ ቆመች። «ይሄን ውጬ ነገ ብዋኝ አይዘኝም?» አለችኝ። ይይዝሻል፤ መድኃኒቱ ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ አዲስ እንዳይገባ አይከለክልም። ይህን እውነት ለልጅ መናገር ያስጨንቃል። ሳይንስ የሚያስተምረው መምህር ግን አልተጨነቀም፤ ክፍሉን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ዳርቻው ወሰደን።

ደንገሉ ሥር ጎንበስ ብሎ በመቆንጠጫ አንድ ቀንድ አውጣ አነሣ። ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። «ቤታቸው ይሄ ነው» አላቸው። በሽተኛው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እዚህ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የገባውን እግር ቆዳ በስቶ ይገባል። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ልጆቹ የሚዋኙትም፣ እናቶች ልብስ የሚያጥቡትም በዚያው ሰዓት ነው። መምህሩ ይህን ሲናገር ልጆቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ከውኃው አወጡ።

ጀሪካኑ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ። ከቀንድ አውጣው የወጣው ተባይ ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ስለዚህ ቀንድ አውጣ ያልገባበት ውኃ ተቀድቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቢቀመጥ ለመታጠብ ከዚህ በሽታ ነፃ ይሆናል። አንድ ጀሪካን ያለው ቤት ግን ውኃ ማስቀመጥ አይችልም፤ የቀዳውን ዕለቱን ይጨርሰዋል። ሁለተኛ ሲኖረው አንዱ ሲቀመጥ አንዱ ይሠራል። የሚጠጣው ያው መፍላት ወይም ውኃ አጋር የሚባለው የውኃ ማከሚያ ሊጨመርበት ይገባል። ስድሳው ለሁሉም እንደማይበቃ እናውቅ ነበር። ለማን እንደሚሰጥ የመረጠችው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቤት ለቤት የምትሄደው እሷ፣ ሕፃን ያለበትን የምታውቀው እሷ። እኛ ብንመርጥ ኖሮ ፊት ለቆመው ሰጥተን እንሄድ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 10፤ ዝጌ

ቅዳሴ አስቀድሰን ከሦስት ሰዓት በኋላ ጀመርን። ሰዉ ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት እየተዘጋጀ ነው፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ከየአቅጣጫው በጀልባ ሰው የሚያመጣ ነው።

መምህራኑ የሁለት ክፍል ሰሌዳ ቀቡ። ሰሌዳው እስካሁን የሚጠቁረው ካለቀ የድንጋይ ባትሪ ውስጥ በሚወጣ ጥቁር ዱቄት ነበር፤ ጠመኔ ሲጻፍበት ከኋላ ወንበር አይታይም። እኛም የልጆቹን ዓይን መርምረን ራቅ ያለ ማየት የተቸገሩ አምስት አገኘን። ከአምስቱ ሦስቱን መምህራቸው «ሰነፎች ናቸው» ብሎ ከኋላ አስቀምጧቸው ነበር። ሲያውቅ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ወንበራቸውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ፊት አመጣው።

ሰኞ፣ የካቲት 11፤ ደቅ

ዛሬ ጾመ ነነዌ ገባ። ከነጋ ምንም ሳንቀምስ ከዝጌ ተነሥተን ከሁለት ሰዓት በላይ በውኃ ላይ ቆየን። ጀልባ ነጂያችን ከቀትር በፊት ካልደረስን ብሎ ያጣድፈናል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል። ደቅ የደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ነው። ጎብኚ ናርጋን አይቶ ይመለሳል። ውስጥ ገብቶ ላየው ግን ገበሬ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ ያለበት አገር ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በሌሊት ብትታመም የሚያሻግራት ጀልባ ነው፤ ማዕበል ከሆነ ደግሞ ጀልባም የለም። አዋላጇ ጓደኛችን የመጣችው ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ነፍሰ ጡሮችን ስታይ ውላ ሁለቱን ወራቸው ሳይገባ ተሻግረው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት እንዲቀመጡ መከረቻቸው።

እኛ ግን ገና ስንወርድ ተቸገርን። ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ልጆቹ ደግሞ እየጾሙ ነው። ሐኪማችን ፕሮግራሙ እንዳይፋለስ በጠዋት ሰጥተን እንጨርስ አለ። ተሳስቷል ብዬ ነገርኩት። አምስት ልጅ ቢያስመልሰው ወሬው ደሴቱን ይዞራል፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድም እናት ልጇን አታመጣም። በዚያ ላይ ጾሙን አስፈትተን ብንሰጣቸው ደግሞ ማን ያምነናል?

ርእሰ መምህሩ ወደ ቄሱ ወሰዱን። ደብሩ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ይፍቱኝ አባ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ተሰብስባችሁ?»

ነገሩን አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «በስንት ሰዓት ያልቅላችኋል?» ብለው ጠየቁ። እስኪመሽ አለን አልናቸው። «እንግዲያው ምን ያጣላችኋል? የነነዌ ጾም በ9 ሰዓት ይፈታል። ታቦቱ ደጅ እነግራለሁ፤ እናቶች ንፍሮ ይዘው በ9 ሰዓት ትምህርት ቤት ይምጡ። የታመመ ካለ ግን አሁኑኑ ስጡት፤ በሽተኛ ጾም የለበትም።»

በ9 ሰዓት ግቢው ሞላ። እናቶች የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በሰፌድ፣ በአገልግል ይዘው መጡ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በሉ፤ እኛም ከነሱ ጋር ጾማችንን ፈታን። ከዚያ መለኪያው ተተከለ። ዓምና በዚሁ ግቢ በጠዋት ስንሰጥ ስንት ልጅ ጥግ ይዞ ሲያስመልስ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዛሬ ሁለት ብቻ አስመለሳቸው። እኔ የተማርኩት «ከምግብ ጋር» የሚለውን ከመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ነው፤ ቄሱ ግን ያንን መስመር ንፍሮ አደረጉልን።

ማታ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብለን አሥራ አንዱን ስም አነበብኩላት። አንዱ አርፈዋል። ሁለቱ በራሳቸው ወጪ ባሕር ዳር ሄደው ተሠርተዋል። የቀሩት ስምንቱ አሉ። «እየጠበቁሽ ነው» አለችኝ። «ግንቦትን ሙሉ ጀልባ ሲመጣ ሰው እየላኩ ያስጠይቁ ነበር።» መልስ አልነበረኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12፤ ደቅ

የጤና ኬላውን አንዱን ክፍል አጥበን፣ መስኮቱን በአንሶላ ከልለን፣ መሣሪያውን በቡታጋዝ በሚሠራው ትንሿ አውቶክሌቭ ቀቀልን። ከስምንቱ ሰባቱ መጡ። ስምንተኛው ሰውዬ እምቢ አሉ፤ ጎረቤታቸው ከዓመታት በፊት ተሠርታ ሽፋሽፍቱ ተመልሶባታል። አላስገደድናቸውም፤ ውሸትም አልነገርናቸውም። መመለስ አንዳንዴ አለ። የዓይን ነርሱ ቤታቸው ሄዶ ይህንኑ ነገራቸው፤ «አስቤ እነግርሃለሁ» አሉት።

ሦስተኛዋ ተራ የደረሳቸው እናት በደብተሬ ላይ አራተኛ የጻፍኳቸው ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው ይመስለኛል። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ የልጃቸው ልጅ እጃቸውን ይዛ ገቡ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አንዲት ወረንጦ ታስራለች። የወረንጦዋ አፍ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል፤ እጀታው የጣት ቅርጽ ይዟል።

«እማማ፣ ዓምና የጻፍኩዎት ነኝ» አልኳቸው።

«አውቄሻለሁ፣ በድምፅሽ። ስሜን ጽፈሽ የት አደረስሽው ልጄ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ሊያውቁ ነው የጠየቁኝ። ገንዘብ እንዳልሞላልን፣ ክረምቱ እንደቀደመን፣ እኔም ሰው ልኬ እንኳ «አልመጣንም» እንዳላልኩ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የመጨረሻው ነው። ገንዘብ ማጣት ያጋጥማል፤ መልእክት ግን ብር አይፈልግም ነበር።

ሽፋሽፍታቸውን የምትነቅልላቸው ልጅቷ ናት። 12 ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ፀጉሩ በበቀለ ቁጥር ብሌኑን እንደ አሸዋ ይፍቃል፤ አጭር ሆኖ ሲበቅል ደግሞ ይብስበታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ላይ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አስተኝታ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ያን ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም፤ ከዚያ በኋላ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ ሌላ ሰው የለምና። መምህሯ የስም መጥሪያውን ገልጦ አሳየኝ። በስሟ ትይዩ «ቀሪ» የሚለው ምልክት በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያለ እስከ መስከረም ይወርዳል። እኔ ግንቦት ብመጣ ኖሮ ይህ ገጽ ንጹሕ ይሆን ነበር።

ነርሱ ማደንዘዣውን ሽፋኑ ላይ ሲወጋ እጄን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። ሽፋኑን ከጫፉ ከፍ ብሎ ይቆርጣል፤ ወደ ውስጥ የዞረውን ጠርዝ ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ይሰፋዋል። ከፀጉር ብዙ የማይወፍር ክር ነው። እኔ ባትሪ እያበራሁ፣ እየጠረግሁ፣ የሚሰማኝ ትንፋሻቸውና ከውጭ የልጆች ጫጫታ ነበር። አንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሁለቱንም ሠርቶ ሸፍኖ ሲጨርስ፣ «አለቀ? እኔ እኮ እየተማጸንኩ ነበር» አሉ። ስንቱን ቅዱስ እንደጠሩ እንጃ።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ወረንጦዋን በእጇ ይዛለች፤ ከመሠራታቸው በፊት ከአንገታቸው ፈትታ ነው የወሰደችው። የሷንም ሽፋን ገልብጠን አየን፤ ውስጡ ነጠብጣብ አውጥቷል። ትራኮማ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ በልጅነት፣ ሳያሳምም፣ በዝንብና በእጅ፣ የእናት ነጠላ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርጎ ወደ ሌላው ሲያልፍ። እየተደጋገመ ሽፋኑን ያጠባብሰዋል፤ ጠባሳው ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ዚትሮማክስ እንደ ቁመቷ ሰጠናት። በየዓመቱ በማልትራ ሳምንት፣ በወባና በትራኮማ ዘመቻው፣ ሲታደል የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይህን ክኒን ያውቀዋል። ክኒኑ ግን ፊቷን በሳሙና ካልታጠበች ብቻውን አይዘልቅም፤ ሳሙናና ለብቻዋ ፎጣ ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ የካቲት 13፤ ከደቅ ወደ ባሕር ዳር

በማለዳ ማሸጊያውን ፈታን። እማማ ዓይናቸው አብጧል፣ እንባው ይወርዳል፤ ብርሃኑን ሲያዩ ግን አልጨፈኑም። መጀመሪያ ያዩት የልጅቷን ፊት ነው። «ፀጉርሽ አልተሠራም እንዴ?» አሏት። ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች።

ስፌቱ በስምንተኛው ቀን መውጣት አለበት። ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰባቱንም ስም በመዝገብ ጻፍንላት፤ የሚያወጣው ግን የሠለጠነ ሰው ስለሆነ አንዳችን እንመለሳለን። የዓይን ነርሱ ፈቃዱ አልቋል፤ እኔ ስፌት ማውጣት እችላለሁ። የካቲት 20 ረቡዕ ነው አልኩ፤ ደብተሬ ላይም ጻፍኩ። ልጅቷ ስጽፍ አጠገቤ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ትናንት የሰጠናትን አዲስ ደብተር ከፈተች፤ «እስክሪብቶሽን ስጭኝ» አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከስሟ በታች፣ በትልልቅ ፊደል «የካቲት 20 ረቡዕ» ብላ ጻፈች።

«አንቺ ብቻ ብትጽፊ ይጠፋል» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19፣ ማታ፤ ባሕር ዳር

ዛሬ ቀን ስልክ ተደውሎልኝ ነበር፤ ከደቅ። እምቢ ያሉት ሰውዬ የጎረቤቶቻቸውን ዓይን አይተው «እኔንስ መቼ?» ብለዋል። ስማቸውን አልጻፍኩም ገና። ነርሱን ቀን ጠይቄ፣ ቀኑን ይዤ ነው የምነግራቸው።

መቀሱ፣ ፒንሳውና ጋውዙ ተቀቅሎና ተጠቅልሎ፣ ቅባቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጀልባው 12፡30 ይነሣል።